የጋሼ ኑሪ ሱቅ እና ያለ ኢንሻአላህ የተነገረው ዕቅድ

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ስታዩ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም። እኔን ያናድደኛል። ሰሌዳው ባማረ ቁጥር ከሥሩ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ባለወንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ገለልተኛ ታዛቢ አለመሆኔን እንድታውቁት ነው። ስለ ዕቅድ የሚወራ ወሬ የምጠላው ዛሬ አይደለም። ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም መርካቶ ውስጥ የገጠመኝ ነገር ጥላቻዬን አባባሰው፤ እንዲሁም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ አበላሸብኝ። ከዚያ ወዲህ በንጹሕ ልብ መጥላት አቅቶኛል።

ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ እየተጠጋሁ ነበር። ለጋዜጣ መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ ጋዜጣው ሲዘጋ ለሌላ ጋዜጣ እጽፋለሁ። አባታችን የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ንግዱን የወረሰችው ታናሽ እህቴ ረውዳ ናት፤ እኔ የወረስኩት ነዝናዛነቱን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ እሄድና ጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። «ይሄ ሰውዬስ ይሸጣል?» ብለው የሚጠይቋት ደንበኞች ነበሩ። «የሚገዛው ጠፍቶ ነው» ትላቸዋለች።

የረውዳ መሸጫ ሱቅ አልነበረም። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ በጋሼ ኑሪ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተዘረጋች አንዲት ጠረጴዛ ነበረች። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ትስባለች፣ ማታ ዕቃዋን ጋሼ ኑሪ ሱቅ ውስጥ ታሳድራለች። ጋሼ ኑሪ ሰባውን የተሻገሩ የመጋረጃ ነጋዴ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግትር ናቸው፣ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ደራሲው» ነው የሚሉኝ። አገራቸው ስልጤ ቤት ሠርተዋል። አንድ ቀን ጠቅልለው እንደሚገቡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን «እገባለሁ» ሲሉ የሰማ የለም።

መርካቶን በግዢ ብቻ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እዚያ ሰው የልቡን ሐሳብ አይናገርም። የት ሀገር ሊሄድ እንደሆነ፣ ምን ዕቃ ሊያስገባ እንዳሰበ፣ የትኛውን ሱቅ እንደሚመኝ አይነግራችሁም። ትልልቁ ነገር የሚያልቀው ከንፈር ሳይላወስ ነው። ጋሼ ኑሪ ለረውዳ «ስሄድ ሱቁን ላንቺ እለቃለሁ» ብለዋት አያውቁም። እሷም ጠይቃቸው አታውቅም። ነገር ግን አንድ ረመዳን ላይ የሱቁን ጓጉንቸር ሁለተኛ ቁልፍ አውጥተው፣ «ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ አልታዘዝ እያለኝ ነው፣ አንቺ ክፈቺልኝ» አሏት። በቃ፣ ይኸው ነው። ወንድ ልጅ እያላቸው፣ እሱም እዚያው መርካቶ ጫማ በጅምላ የሚያከፋፍል ሆኖ ሳለ፣ ቁልፉ ለረውዳ ተሰጠ። በዚያን ሳምንት መተላለፊያው ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች ሰላምታቸው ተቀየረ፤ ሲያልፉ ቆም እያሉ ስለ ልጆቿ ይጠይቋት ጀመር። ማንም ምንም አላለም።

ረውዳ ሌላም ሐሳብ ነበራት። እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ቻይና ሄዳ ዕቃዋን ራሷ መርጣ ማምጣት ትፈልጋለች። ለዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። አንድ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ለነጋዴዎች የማታ ትምህርት የሚሰጥ ቤት አገኘችና ጎትታ ወሰደችኝ።

«እኔ እንግሊዝኛ ምን ያደርግልኛል? እችላለሁ እኮ» አልኳት።

«አንተ ለመማር አይደለም የምትሄደው። ብቻዬን እንደ ሕፃን አግዳሚ ላይ አልቀመጥም ብዬ ነው።»

አስተማሪው ብስራት ይባላል፤ ቀጭን፣ ክራቫት የማይለየው፣ ትሑት ወጣት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ መጻፍ በቀለለኝ። ብስራት ክፉ አልነበረም። በዕቅድ የሚያምን ሰው ነበር፣ ከዚያ ሌላ ጥፋት የለበትም።

ረቡዕ ማታ ነው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈና ዞር ብሎ ጮክ አለ፦ «ዛሬ ሕይወታችሁን የምትቀይር ሐረግ ነው የምንማረው! አይ አም ፕላኒንግ ቱ! አብራችሁኝ!»

«አይ አም ፕላኒንግ ቱ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። መርካቶ አብሮ መጮህ ያውቅበታል።

«አሁን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ዕቅድ። እትዬ ብርነሽ?»

እትዬ ብርነሽ ቅመም ትሸጣለች። ተነስታ፣ «አይ አም ፕላኒንግ ቱ ጎ ሆም» አለች።

«ቤት መሄድማ የዛሬ ማታ ነው!»

«አዎ፤ ታዲያ በዚህ ሰዓት የት ልሂድልህ?»

ቀጠለ ሌላው። ኮንቴይነር ሊያስገባ መሆኑን አገር የሚያውቀው ነጋዴ ተነስቶ፣ ሻይ ለመጠጣት እንዳቀደ ተናገረ። አንዱ ፀጉሩን ሊቆረጥ አቅዷል። ሌላው ሊተኛ። ብስራት ላብ አጠመቀው። «ትልቅ! ትልቅ ዕቅድ! ሕልማችሁን ንገሩኝ!» ይላል። ነጋዴዎቹ ያዩታል። ሕልሙን ለሠላሳ ተፎካካሪ የሚናገር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እየመረመሩ ይመስለኛል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳቄን ስውጥ ነበር።

ተራው የረውዳ ሆነ። እህቴ አንድ ነገር ስትማር አሟልታ ነው፤ በልጅነቷም ያልተጠየቀችውን የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«አይ አም ፕላኒንግ ቱ ሬንት ጋሼ ኑሪ ሾፕ፣ ኢንሻአላህ።»

የጋሼ ኑሪን ሱቅ ልከራይ አቅጃለሁ ማለቷ ነው። እትዬ ብርነሽ አንገቷን ደፋች።

ብስራት ግን ሊበር ደረሰ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው ዕቅድ ማለት! አንድ ነገር ብቻ፤ ኢንሻአላህን እናውጣው። ዓረፍተ ነገሩን ያልፈሰፍሰዋል። ቆራጥ ሁኚ! እንደገና፣ ወደ ስልኩ እያየሽ።» ለካ እየቀረጸ ነው።

«ብትለው ምን ቸገረህ?» አልኩት ከኋላ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጸሐፊ ነዎት፣ ይገባዎታል። ዕቅድ ላይ የማምለጫ በር አይተውም።»

ረውዳ አየችኝ፤ እሱን አየችው። አስተማሪ የምታከብር ሴት ናት። ስልኩን አየችና ያለ ኢንሻአላህ ደገመችው። ጥርት አድርጋ። ተጨበጨበላት። እኔም፣ ምን ይደረግ፣ አጨበጨብኩ። ቪዲዮው ሳይነጋ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ረውዳ ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ ና» ብላ ዘጋችው።

ስደርስ ሱቁ ተከፍቷል። የከፈተችው እሷ አልነበረችም። የጋሼ ኑሪ ልጅ ጀማል ስልኩን ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ኑሪ ከውስጥ ሆነው መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። ረውዳ ጠረጴዛዋን እንኳ አልዘረጋችም፤ ቆማለች።

«መጣህ ደራሲው? እህትህ ፊልም ሠርታለች አሉ» አሉኝ።

ጀማል ቪዲዮውን ከፈተው። የረውዳ ድምፅ በመተላለፊያው ውስጥ ሲያስተጋባ ሰማሁ። የጎረቤት ነጋዴዎች ጨርቅ የሚያጥፉ መስለው ጆሯቸውን ጣሉ።

«ጋሼ ኑሪ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው» አልኩ። «የትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ይላል።»

«ውሸት ነው እንዴ ታዲያ?»

«አይ፣ ውሸትማ አይደለም።»

«እንግዲያው እውነት ነው።»

«እውነት ነው፤ ግን…»

«ደራሲው፣ እዚያ ጣቃው ላይ ቁጭ በልና መጽሐፍህን አንብብ።»

ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። «እኔ የት ልሄድ ነው ሱቄን የምትከራየው? ልሞት ነው? ጀናዛዬ ወጥቷል? ሠላሳ ሰው ፊት፣ በፈረንጅ አፍ! ኢንሻአላህ እንኳ አላለችም! ያለ አላህ ፈቃድ ልታስነሳኝ!»

«ብላ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ወላሂ ብላ ነበር፤ አስተማሪው ነው አውጪው ያላት።»

ጀማል ፈገግ አለ። «ቪዲዮው ላይ የለም ጋሼ።»

ጋሼ ኑሪ ረውዳን አላዩአትም። አጠገባቸው ቆማ ሳለ፣ ለእኔ፣ «ነገ ከጁምዓ በኋላ ቁልፉን ይዛ ትምጣ» አሉኝ። ለዓመታት «አንቺ ልጅ» እያሉ ሲጠሯት የኖሩትን ሴት «ትምጣ» ሲሉ የሰማሁ ጊዜ ነው ነገሩ ከምር መሆኑ የገባኝ።

ወደ ውጭ ጎተትኳት። «ንገሪያቸው እንጂ! ምነው ዝም አልሽ? ብለሽው ነበር እኮ!»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ለፈረንጅ የነገርኩትን አሁን ለእሳቸው ላስተባብል?»

«ፈረንጅ የት አለ? ብስራት የኮልፌ ልጅ ነው!»

አልሳቀችም። «ቁልፉ ለጀማል ከሄደ ሱቁን የጫማ መጋዘን ሊያደርገው ነው» አለች ቀስ ብላ። «የፊቱን በር ይዘጋዋል። ጠረጴዛዬም አትኖርም።»

በሩ ከተዘጋ ደጃፍ የለም፤ ደጃፍ ከሌለ ረውዳ የለችም። ሦስት ልጆች የምታሳድገው ከዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው።

መፍትሔው ለእኔ ግልጽ ነበር። እንደ አብዛኛው የኔ መፍትሔ ማስረጃ ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያው ቅጂ፣ ኢንሻአላህ ያለበት፣ አለ። እሱን ማግኘት። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ብስራት ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። አመሻሽ ላይ አገኘሁት። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ «ጋሼ! ቪዲዮውን ሰው ከሰው እየተቀባበለው ነው! ይሄን ያህል ተመልካች አግኝተን አናውቅም!» አለኝ።

«እናንተ ተመልካች አገኛችሁ፣ እሷ ሱቅ አጣች።» ነገሩን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ከልቡ አዘነ። ከዚያ፣ «ልምጣና ላስረዳቸው? ስለ ግብ አቀማመጥ አጭር ማብራሪያ ብሰጣቸው…» አለ።

«ብትመጣ በጣቃ ጨርቅ ነው የሚገርፉህ። የመጀመሪያውን ቅጂ ስጠኝ።»

ቅጂው የተቀረጸው በትምህርት ቤቱ ስልክ ነው። ስልኩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው። ሥራ አስኪያጁ ለስብሰባ ወጥተዋል። ነገ ረፋድ ይመለሳሉ። (ቢሮው ግድግዳ ላይ ራዕይና ተልዕኮ መሰቀሉን ልነግራችሁ አያስፈልግም።)

ዓርብ ረፋድ ሥራ አስኪያጁ አልመጡም። ቆይተው መጡ። ቅጂው ጠፍቷል ተባለ። ስልኩ ላይ ከተሰረዙት ቪዲዮዎች መሀል ተፈለገ። ተገኘ! ላክልኝ አልኩት ብስራትን፤ ኔትወርክ የለም። ያቺ ክብ ነገር ስልኬ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በመጨረሻ ገባ። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ፤ መንገድ ላይ ስደርስ መስጊዱ ሞልቶ ሰዉ አስፋልቱን ይዞታል። መስገጃ፣ ካርቶን፣ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጋሪው፣ ታክሲው፣ ተሸካሚው ሁሉ ቆሟል። የጋሼ ኑሪ ሱቅ ከሰልፉ ማዶ ነው። እኔ ደግሞ ጁምዓ ላይ ትጉህ የምባል ሰው አይደለሁም። በጠርዝ በጠርዝ ልሾልክ ስል አንድ ሰው እጅጌዬን ያዘኝ።

«ና ወንድሜ፣ ቦታ አለ» ብሎ የካርቶኑን ግማሽ ለቀቀልኝ።

ምን ልበለው? እቸኩላለሁ? ሰገድኩ። ግንባሬ የሳሙና ካርቶን ላይ፣ ልቤ ኪሴ ውስጥ ያለችው ስልክ ላይ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ስደርስ ሁሉም ተሰብስበዋል። ጋሼ ኑሪ፣ ጀማል፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች። ቁልፉ ጋሼ ኑሪ ፊት ባለው የጨርቅ መለኪያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ያስቀመጠችው ረውዳ ናት።

«ቆዩ!» አልኩ እያለከለክሁ። «ማስረጃ አለ። ይመልከቱት ጋሼ ኑሪ።»

ስልኩን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። የረውዳ ድምፅ ወጣ፤ መጨረሻው ላይ ኢንሻአላህ፣ ጥርት ብሎ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ኑሪ አንድ ጊዜ አዩት። ደግመው አዩት።

«ከዚህ በኋላስ?» አሉ።

«ከዚህ በኋላማ አስተማሪው አስቆማት።»

«እሷም ቆመች።»

የሁለት ቀን ሩጫዬ በሁለት ቃል አለቀ። ረውዳ መሬት መሬት ታያለች።

ጋሼ ኑሪ ስልኩን መለሱልኝና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እሺ፣ አንተስ ምን አስበሃል?»

ጀማል ይህን ሲጠብቅ ነበር። «አባባ፣ ኢንሻአላህ የፊቱን በር እንዘጋዋለን። ከኋላ ኢንሻአላህ ሰፋ አድርገን እንከፍትና መጋዘን እናደርገዋለን። መደርደሪያዎቹን ኢንሻአላህ ሰኞ አወርዳቸዋለሁ፤ ሰውም አናግሬያለሁ። አንተም ኢንሻአላህ አገር ቤት ታርፋለህ፤ መኪና ተነጋግሬልሃለሁ።»

ስንት ኢንሻአላህ እንዳለበት ሽማግሌዎቹም ታዘቡ። ከእያንዳንዱ ኢንሻአላህ በኋላ ግን አንድ ነገር ይፈርሳል፤ በር፣ መደርደሪያ፣ አባት።

«ሰኞ?» አሉ ጋሼ ኑሪ።

«ኢንሻአላህ።»

«ሰውም አናግረሃል።»

«አዎ አባባ፣ ሁሉም አልቋል።»

ጋሼ ኑሪ ቁልፉን አነሱት። እኔ ለጀማል ሊሰጡት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የራሳቸው የሰደርያ ኪስ ውስጥ እየከተቱት ነው።

«የትም አልሄድም» አሉ።

«እንዴ አባባ፣ ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴንም አቀድክበት እንዴ? ተነሱ በሉ፣ ሱቅ ነው ይሄ፣ ልሽጥበት።»

ይህን ድል የሚል ካለ ከሰኞ ጀምሮ የሆነውን ቢያይ ደስ ባለኝ። ጋሼ ኑሪ በእልህ ራሳቸው መክፈት ጀመሩ። ጉልበታቸው ግን እልህ አይገባውም። ረፋድ ላይ እያነከሱ ይመጣሉ። ረውዳ ዕቃዋ ሱቁ ውስጥ ስለሚያድር ከጠዋት ጀምራ የተዘጋ በር ፊት ትቆማለች፤ የጠዋት ደንበኛ ያልፋታል። ሰላምታ ሲሰጧት «ደህና ነሽ» ይላሉ፤ «አንቺ ልጅ» ግን የለም። ጀማል አባቱን አኩርፎ ቀረ። ወራት እንዲህ አለፉ። ብስራት ደግሞ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ተከታይ ቪዲዮ ብንሠራስ? አሁን ዕቅዷ ምንድን ነው?» አለኝ። ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ዝምታን ላሞግስ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። የኛ ዝምታም አናዶኛል። አንዲት ሴት ስንት ክረምት ላስቲክ ሥር የቆመችው እኮ፣ እሳቸው አንድ ቀን «ሱቁ ያንቺ ነው» ማለት ስላልፈለጉ፣ እሷም «ይስጡኝ» ማለት ነውር ስለሆነባት ነው። በፍንጭ የሚኖር ሰው በፍንጭ ይገደላል። ሆኖም ብስራት የሰጣት መድኃኒት ከበሽታው የባሰ ነበር። ዕቅዷን ለሠላሳ ሰው፣ ለቴሌግራም፣ ለማታውቀው ሕዝብ ሁሉ ነገረች፤ ያልነገረችው አንድ ሰው ጋሼ ኑሪ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የማየው የዕቅድ አዋጅ ሁሉ እንዲህ ሆኖብኛል። ለማይመለከተው ሁሉ ይታወጃል፤ የሚመለከተው ሰው ከጎረቤት ይሰማል። እኔም ብሆን ልጽፈው ስላሰብኩት መጽሐፍ ለዓመታት ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ያልሰማው ወረቀቱ ብቻ ነበር። አሁን አላወራም። የት ደረሰ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ስለ ኢንሻአላህም እንደ ድሮው አላስብም። ድሮ የሰነፍ ማምለጫ ይመስለኝ ነበር፤ ብስራት ካለው የራቅሁ አልነበርኩም። አሁን ግን ነገሩ ከኔ ሌላ የሚመለከተው አለ ብሎ መቀበል ይመስለኛል፤ አላህም ሆነ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ። ጀማል እንዳደረገው እንደ ጨው ሲበተን ግን ያው ባዶ ነው።

ረውዳ ትምህርቷን አላቋረጠችም። ብስራት ዕቅዷን በጠየቃት ቁጥር ተነስታ፣ «አይ አም ፕላኒንግ ቱ ጎ ሆም» ትላለች። እትዬ ብርነሽ ታጨበጭብላታለች።

በቅርቡ አንድ ቀን፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ እኔ ጣቃ እያነሳሁ ረውዳን ሳግዝ ጋሼ ኑሪ ጓጉንቸሩን ቆለፉ። የደጃፉን ደረጃ ሊወርዱ ሲሉ ቆሙ። ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ። ከዚያ ሰደርያቸው ኪስ ገቡና ቁልፉን አውጥተው፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ ዘረጉላት።

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ክፈቺልኝ።»

«ኢንሻአላህ ጋሼ» አለች።

«ኢንሻአላህ» አሉ እሳቸውም፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ለነገ ብቻ ነው? ለሁልጊዜ ነው? ስለ ሱቁ ነው ወይስ ስለ ጉልበታቸው? ይህን አንድ ጥያቄ በግልጽ አማርኛ ልጠይቃቸውና ሁላችንም እንገላገል ብዬ «ጋሼ ኑሪ!» ልል አፌን ስከፍት፣ ረውዳ በተረከዟ እግሬን ረገጠችው።